ክፍሉ ከማይክሮፎኑ ይቅደም

የሰውን ድምፅ ቀርፆ ለማቆየት እንደ ቀድሞው ጊዜ በራዲዮ ጣቢያ ደጅ መጥናት ወይም የሙዚቃ ቤት ባለቤቶችን መለማመጥ ከቀረ ወዲህ፣ በአዲስ አበባ በየኮንዶሚኒየሙና በየሰርቪስ ቤቱ፣ በጎንደርና በባሕር ዳር፣ ከባሕር ማዶም በዋሽንግተን አካባቢ በሚኖሩ ወገኖቻችን ቤት ሳይቀር፣ አንዲት ጠባብ ክፍል መርጠው፣ ኮምፒውተርና ማይክሮፎን አሰናድተው፣ መዝሙር የሚዘምሩ፣ በገና የሚደረድሩ፣ መጽሐፍ የሚተርኩና ቃለ እግዚአብሔር የሚያስተምሩ ወጣቶች ቁጥራቸው ከዕለት ወደ ዕለት እየበዛ መሄዱን ስመለከት ደስታዬ ታላቅ ነው። ይሁን እንጂ ሥራቸውን ጸጥ ባለ ሰዓት በጆሮ ማዳመጫ ስሰማው፣ አብዛኛው ከታች የሚያጉረመርም፣ ከላይ የደነዘዘ፣ ቃሉ እርስ በርሱ የሚደራረብ ሆኖ አገኘዋለሁ፤ የዚህም ጉድለት ምንጩ የዘማሪው ጉሮሮ ወይም የማይክሮፎኑ ርካሽነት ሳይሆን፣ ማንም ልብ ያላለው የክፍሉ ጠባይ ነው። ስለዚህ በብሎኬት በተሠራ ቤት ውስጥ ድምፅ የሚቀዳ ሰው ገንዘቡንና ድካሙን ማይክሮፎን ከመለዋወጡ በፊት በክፍሉ ላይ ማዋል እንዳለበት፣ በክፍሉም ላይ ሲያውለው ስስ ስፖንጅ በግድግዳው ሁሉ ላይ ከመለጠፍ ይልቅ ወፍራሙን ነገር በተመረጠ ስፍራ ማቆም እንደሚሻለው ለማስረዳት እሞክራለሁ።

ድምፅ በመጠነኛ ሙቀት በአንድ ሴኮንድ 343 ሜትር ያህል ይጓዛል። ግድግዳና ግድግዳዋ በ3 ሜትር በሚራራቁባት ክፍል ውስጥ፣ ከአንደበት የወጣው ቃል አንዲት ሴኮንድ ሳትሞላ ከመቶ ጊዜ በላይ ከግድግዳ ወደ ግድግዳ ሊመላለስ ይችላል ማለት ነው፤ በሲሚንቶ የተለሰነ ግድግዳም የደረሰበትን ድምፅ ከጥቂቱ በቀር መልሶ ስለሚሰድ፣ ማይክሮፎኑ የሚቀበለው መጀመሪያ የዘማሪውን ድምፅ፣ ወዲያውም ከስድስት ወገን የሚመጣውን የዚያኑ ድምፅ ምላሽ ነው። እኛ በዚያች ክፍል ተቀምጠን ስንነጋገር ይህ እምብዛም አይሰማንም፤ ፈጣሪ በሰጠን ሁለት ጆሮና በልቡናችን አስተውሎት ቀጥታ የሚመጣውን ከተመላሹ ለይተን ተመላሹን ችላ እንላለንና። ማይክሮፎን ግን ይህ ማስተዋል የለውም፤ የመጣለትን ሁሉ አንድ አድርጎ ይጽፈዋል፤ አንድ ጊዜ ከተጻፈ በኋላም ቃሉን ሳይጎዱ ክፍሉን ከቃሉ ለይቶ ማውጣት ቀላል አይደለም።

ይህን ነገር በሥርዓት መርምሮ ሕግ ያወጣለት በአሜሪካ የሀርቫርድ ዩኒቨርሲቲ መምህር የነበረው ዋላስ ሳቢን ነው። በ1895 (ዓመታቱን በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ) አዲስ በተሠራው የፎግ ሙዚየም የንግግር አዳራሽ መምህሩ የተናገረው ቃል 5 ሴኮንድ ተኩል ያህል በአየር እየቆየ በሚከተሉት ቃላት ላይ ስለሚደረብ ተማሪዎቹ ትምህርቱን መስማት ተስኗቸው ነበርና፣ ይህ ወጣት መምህር ጉድለቱን እንዲያቃና በታዘዘ ጊዜ፣ የቀኑ ሁካታ እንዳያውከው ሌሊት እየሠራ፣ ከሳንደርስ ቴአትር የመቀመጫ መከዳዎችን እያስመጣ፣ የኦርጋን ቧንቧ ካስጮኸ በኋላ ድምፁ ፈጽሞ እስኪጠፋ የሚፈጀውን ጊዜ በሰዓት እየለካ፣ መከዳው በተጨመረ ቁጥር ቆይታው ምን ያህል እንደሚያጥር መዘገበ። ከዚህ ድካሙ ሁሉ እኔን እጅግ የሚያስደንቀኝ የመረጠው መስፈሪያ ነው። በተከፈተ መስኮት የወጣ ድምፅ ተመልሶ አይመጣምና፣ ስለ እያንዳንዱ ዕቃ፣ ስለ ምንጣፉም፣ ስለ መከዳውም፣ ተሰብስቦ ስለሚያዳምጠው ሕዝብም ጭምር፣ ድምፅ የመዋጥ ኃይሉ የስንት ካሬ ሜትር ክፍት መስኮት ያህል ነው ብሎ ጠየቀ። ባገኘው ሕግ እየተመራ የታነጸው የቦስተን ሲምፎኒ አዳራሽ በ1900 ተከፍቶ፣ እስካሁን በዓለም ላይ ከሚመሰገኑት አዳራሾች አንዱ ሆኖ ይኖራል።

የሳቢንን ሕግ ወደ እኛ ጠባብ ክፍል ብናመጣው፣ ርዝመቷም ወርዷም 3 ሜትር፣ ከፍታዋ 2.6 ሜትር የሆነች ክፍል 23.4 ሜትር ኩብ አየር ትይዛለች። ግድግዳዋ ልስን፣ ወለሏ ሊሾ፣ ጣሪያዋም ኮንክሪት ከሆነ፣ ባዶዋን ሳለች ያላት የመዋጥ ኃይል ተደምሮ ከ2 ካሬ ሜትር ክፍት መስኮት ብዙ ስለማይበልጥ፣ የድምፁ ቆይታ ወደ 2 ሴኮንድ ይጠጋል። ለንግግርና ለዝማሬ ቅጂ የሚስማማው ግን ከ0.3 ሴኮንድ ብዙ ያልራቀ ቆይታ ነው፤ ለዚህም 12 ካሬ ሜትር ተኩል ያህል ክፍት መስኮት የሚተካ ነገር ያስፈልጋል። አልጋው፣ ምንጣፉ፣ ልብስ የተሰቀለበት ቁም ሣጥን ከዚህ የተወሰነውን ይሸፍናሉ፤ የቀረውን ባለቤቱ በእጁ መሥራት ይኖርበታል።

ነገር ግን ይህ ሕግ ለሰፊ አዳራሽ የወጣ በመሆኑ፣ በትንሽ ክፍል ውስጥ የወፍራሙን ድምፅ ምሥጢር አይገልጥልንም። በሁለት ትይዩ ግድግዳዎች መካከል የሚመላለስ ድምፅ፣ የሞገዱ ርዝመት የርቀቱ እጥፍ በሆነ ጊዜ፣ ሂያጁና ተመላሹ እየተጋገዙ ከልክ በላይ ያብጣሉ፤ ለ3 ሜትር ርቀት ይህ ድምፅ በሴኮንድ 57 ጊዜ የሚርገበገበው ነው፤ ከእርሱም ጋር እጥፉ 114፣ ሦስት እጥፉም 171 አብረው ይነሣሉ። ርዝመትና ወርድ እኩል በሆኑባት ክፍል ውስጥ ሁለቱም ጥንድ ግድግዳዎች ያንኑ ድምፅ ስለሚያነሡ ጉዳቱ እጥፍ ይሆናል፤ ከፍታዋም 3 ሜትር ቢሆን ኖሮ ከዚህ የከፋ ክፍል ባልተገኘ ነበር። የወንድ ድምፅ በ114 አካባቢ ዘወትር የሚመላለስ ስለ ሆነ፣ ዘማሪው ከዜማው ባንዱ ስፍራ ሲደርስ፣ ሳያስበውና ሳይፈልገው፣ ድምፁ በድንገት ይጎላል፤ ጥቂት ከፍ ሲል ደግሞ ይሰወራል። ይህን ለማረጋገጥ የሚሻ ሰው አንዳች መሣሪያ አያስፈልገውም። በክፍሉ ማዕዘን ፊቱን ወደ ግንቡ መልሶ ይቁም፤ አፉን ገጥሞ ከሚችለው ዝቅተኛ ድምፅ ጀምሮ ሳያቋርጥ ቀስ እያለ ወደ ላይ ያንጎራጉር፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላ አንድ ስፍራ ላይ ሲደርስ፣ ጉሮሮው ኃይል ሳይጨምር ግድግዳው አብሮት የሚዘምር ያህል ድምፁ በደረቱና በራስ ቅሉ ውስጥ ሲገዝፍ ይሰማዋል። ያች ድምፅ የክፍሉ ገንዘብ ናት፤ በቅጂው ላይም ሳትጠራ የምትመጣው እርሷ ናት።

አሁን በየሰዉ ግድግዳ ላይ ወደሚታየው መድኃኒት እንመለስ። የእንቁላል መያዣ ካርቶን ወይም ጣት የሚያህል ውፍረት ያለው ባለጥርስ ስፖንጅ ከወለል እስከ ጣሪያ ተለጥፎ ሲታይ ለዓይን ስቱዲዮ ይመስላል፤ ገብቶ ላጨበጨበም ሰው ጭብጨባው ወዲያው ስለሚሞት ሥራው የተፈጸመ ይመስላል። እንዲህ ያለው ሽፋን ግን የወንፊትን ሥራ ይሠራል፤ ደቃቁን ያሳልፋል፣ ሻካራውን ያስቀራል። ምክንያቱም አየሩ ግድግዳው ላይ ሲደርስ ይቆማል፤ ስፖንጅ ድምፅን የሚያደክመው በውስጡ የሚመላለሰውን አየር እያሻሸ ስለ ሆነ፣ አየሩ በማይንቀሳቀስበት በግድግዳው ቆዳ ላይ የተለጠፈ ስስ ነገር የሚያሻሸው አያገኝም። አየሩ አጥብቆ የሚንቀሳቀሰው ከግድግዳው በሞገዱ ርዝመት ሩብ ያህል ርቀት ላይ ነው፤ ይህም በሴኮንድ 1,700 ጊዜ ያህል ለሚርገበገበው ቀጭን ድምፅ 5 ሳንቲ ሜትር ሲሆን፣ 100 ጊዜ ለሚርገበገበው ወፍራም ድምፅ 86 ሳንቲ ሜትር ነው። እንግዲህ በስስ ስፖንጅ የተከበበ ክፍል የ«ሰ»ንና የ«ሸ»ን ጥራት፣ የበገናውን አውታር የዝዝታ ለዛ ወስዶ፣ ያንን የሚያጉረመርመውን ታችኛውን ድምፅ እንዳለ ያስቀረዋል። ዘማሪው ይህን ሰምቶ ማይክሮፎኑ ከፋብኝ ብሎ ሌላ ሲገዛ፣ ሁለተኛውም ያንኑ ሲነግረው፣ ብዙ ገንዘብ በከንቱ ሲጠፋ አይቻለሁ፤ ልቤም አዝኗል።

በዚህ ረገድ ከውጭ አገር የሚመጡ የቪዲዮ ትምህርቶች ወጣቶቻችንን ያሳሳቷቸው መስሎ ይታየኛል፤ ይህንንም የምለው መምህራኑን ለመንቀፍ አይደለም፤ ለአገራቸው ቤት የሚናገሩት እውነት ነውና። በአሜሪካ ያለው መኖሪያ ቤት አብዛኛው በእንጨት ማገር ላይ በተመታ ስስ የጂፕሰም ሰሌዳ የተከፈለ ስለ ሆነ፣ ወፍራሙ ድምፅ ሲመታው ሰሌዳው በመጠኑ ይርገበገባል፤ የድምፁን ኃይል ከፊሉን በራሱ ውስጥ ያደክመዋል፤ ከፊሉንም ወደ ጎረቤት ያሳልፈዋል። ስለዚህ በዚያ ክፍል ውስጥ ያለ ሰው ቀጭኑን ድምፅ በስፖንጅ ቢቀንስ ሚዛኑ ብዙ ላይዛባበት ይችላል። በብሎኬት ተገንብቶ በሲሚንቶ የተለሰነ የእኛ ግድግዳ ግን ለወፍራሙ ድምፅ ዓለት ነው፤ ከጥቂቱ በቀር ሁሉን ይመልሰዋል። ስለ ሆነም ለእነርሱ ቤት የተነገረውን ውፍረት እኛ ቢያንስ እጥፍ ማድረግ ይገባናል። ከእኛ ቤት ውስጥ ለድምፅ ቸር የሆነው፣ ብዙ ሰው እንደ ድህነት ምልክት የሚቈጥረው የኮምፔንሳቶ ወይም የቺፕውድ ኮርኒስ ነው፤ ከበላዩ ባዶ አየር ስላለ እየተርገበገበ ወፍራሙን ድምፅ ይውጣልና፤ ቤቱን ሲያድስ ይህን ኮርኒስ አፍርሶ ጣሪያውን እርቃኑን የሚያስቀር ሰው ለመቅጃ ክፍሉ የነበረውን ታላቅ ረዳት ያጣል። የአባቶቻችን ክብ ቤትም ቢሆን፣ ግድግዳው ክብ በመሆኑ ድምፅን ወደ መካከል የሚሰበስብ ጠባይ ቢኖረውም፣ ከላይ የነበረው የሣር ክዳን እጅግ ወፍራምና በውስጡ አየር የሚያመላልስ ስለ ነበር፣ ዛሬ በገንዘብ የምንፈልገውን ነገር ያለ ዋጋ ይሰጥ ነበር።

ሥራው እንዲህ ነው። ከሞራሌ ወርዱ 60 ሳንቲ ሜትር፣ ቁመቱ 1.2 ሜትር፣ ጥልቀቱም ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ክፈፍ ይሠራል፤ በውስጡ ሮክ ውል የተባለው ከድንጋይ የሚሠራ መሙያ ከተገኘ እርሱ፣ ካልተገኘም በሚገባ የተነደፈ ጥጥ ወይም የአሮጌ ጥጥ ፍራሽ ይሞላል፤ ፊቱም በአቡጀዲ ወይም በኬሻ ይሸፈናል። ጨርቁም ሆነ መሙያው የሚበጅ መሆኑ በእስትንፋስ ይፈተናል፤ አፍን አስጠግተው ሲተነፍሱበት አየሩ እየተጋ የሚያልፍ ከሆነ መልካም ነው፤ ጭራሽ የማያልፍ ከሆነ፣ እንደ ላስቲክ ያለ ከሆነ፣ ድምፁም አይገባበትም። ሮክ ውል የሚነካ ሰው አፍንጫውንና እጁን ይሸፍን፤ ብናኙ ቆዳን ያሳክካል፣ ለመተንፈሻም አይበጅም። ክፈፉ ግድግዳው ላይ ከመለጠፍ ይልቅ አንድ ስንዝር ያህል ከግድግዳው ፈቀቅ ብሎ ቢሰቀል፣ ከበስተኋላው ያለው ባዶ አየር ያለ ዋጋ የውፍረቱን ሥራ ያግዛል። ከሁሉ አስቀድሞ የሚያዙት አራቱ ማዕዘናት ናቸው፤ የሦስቱም አቅጣጫ ወፍራም ድምፆች የሚያብጡት በዚያ ስለ ሆነ፣ ክፈፉ በማዕዘኑ ላይ ገደድ ብሎ ከወለል እስከ ጣሪያ ቢቆም፣ ከኋላው ሰፊ ባዶ ስፍራ ይተርፋል፤ የቤት ጥግ ላይ ተጠቅልሎ የሚቆም ጥጥ ፍራሽም ለዚሁ ሥራ ከብዙ ካሬ ሜትር ስፖንጅ ይበልጣል።

ከማዕዘናቱ ቀጥሎ የሚታሰበው ከዘማሪው በስተኋላ ያለው ግድግዳ ነው። አብዛኛው ሰው ስፖንጁን የሚለጥፈው ከማይክሮፎኑ ጀርባ ነው፤ ነገር ግን የተለመደው ማይክሮፎን ከፊቱ የሚመጣውን አጥርቶ የሚሰማ፣ ከጀርባው የሚመጣውን ችላ የሚል ስለ ሆነ፣ ፊት ለፊት የሚያየው ዘማሪውንና ከዘማሪው ትከሻ ባሻገር ያለውን ግድግዳ ነው። ስለዚህ ሁለቱ ክፈፎች በዚያ ይሰቀሉ፤ አንዱም ከዘማሪው ራስ በላይ በጣሪያው ላይ ይንጠልጠል። ዘማሪው በክፍሉ እምብርት ላይ አይቁም፤ በዚያ ስፍራ አንዳንዱ ወፍራም ድምፅ ፈጽሞ ይጠፋልና፤ ከግድግዳም አይጠጋ። ለትረካና ለስብከት ማይክሮፎኑ ከአፍ አንድ ስንዝር ቢርቅ ይበቃል፤ ርቀቱ በእኩሌታ ባነሰ ቁጥር የአንደበቱ ድምፅ ከክፍሉ ድምፅ በ6 ዴሲቤል ይጎላል። መጽሐፉንም በጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ ከማንበብ ጨርቅ በለበሰ አትሮንስ ላይ ማድረግ ይሻላል፤ ከባዶ ጠረጴዛ ላይ ነጥሮ የሚመጣው ድምፅ ቀጥታ ከመጣው ጋር እየተጋጨ ቃሉን ያቀጥነዋል።

ስለ እሳት ሳልናገር ባልፍ ጥፋቴ ይበዛል። ተራው ስፖንጅ ከተያያዘ ጥቂት ደቂቃ ሳይሞላ ክፍሉን መርዘኛ በሆነ ጥቁር ጭስ የሚሞላ ነገር ነው። መዝሙር በሚቀዳበት ክፍል ጧፍ ማብራትና ዕጣን ማጠን የተለመደ ስለ ሆነ፣ የኤሌክትሪኩም ሽቦ ብዙ ጊዜ በምድር ላይ የሚዝረከረክ ስለ ሆነ፣ መስኮቱን ሳይቀር በስፖንጅ የደፈነ ወጣት በነፍሱ ላይ ፈርዷል ማለት ይቻላል። ሮክ ውል ከድንጋይ የተሠራ ስለ ሆነ እሳት አይይዘውም፤ ጥጥ ግን ይይዘዋልና በጥጥ ክፍል ውስጥ እሳት የሚባል ነገር አይግባ።

ደግሞ ሁለት የተለያዩ ነገሮችን አንድ አድርጎ የማየት ስሕተት አለ። ከውጭ የሚመጣውን ሁካታ ማገድ ሌላ ነው፤ በውስጥ ያለውን ድምፅ መግራት ሌላ ነው። የጎረቤትን ሙቀጫ፣ የመንገዱን ጥሩምባ፣ በሐምሌ በቆርቆሮ ላይ የሚወርደውን ዝናብ የትኛውም ስፖንጅ አያግድም፤ እነዚህን የሚያግድ ክብደትና የቀዳዳ አለመኖር ብቻ ነው፤ ከበሩ ሥር ያለችው ጣት የምታስገባ ክፍተት ብትደፈን ግን ከሚታሰበው በላይ ትጠቅማለች። ለቀረው ጊዜ መምረጥ ነው፤ ከሌሊቱ 8 ሰዓት የሚቀዳ ሰው ታላቅ ወጪ ይቀርለታል።

ይህን ሁሉ ስናገር ክፍሉ እንደ መቃብር ይደንቍር ማለቴ እንዳይመስል እሰጋለሁ። ፈጽሞ ምላሽ በሌለው ክፍል ውስጥ የሚዘምር ሰው የገዛ ድምፁን በሚገባ ስለማይሰማ ጉሮሮውን ያስጨንቃል፤ በገናም የራሱ ሣጥን የሚያነሣው ድምፅ ጥቂት አየር ካላገኘ ይደርቃል። ስለዚህ ማዕዘናቱ በሚገባ ወፍረው፣ ከግድግዳው ግማሽ ያህሉ እንዳለ ቢቀር፣ የመጻሕፍት መደርደሪያም በአንዱ ወገን ቢቆም መልካም ነው። እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ከ1977 እስከ 1985 ባለው ጊዜ በአዲስ አበባ በቤተ ሰባቸው ቤት ፒያኖአቸውን እየመቱ፣ በገዛ ድምፃቸው እየዘመሩ በካሴት የቀዷቸው ዝማሬዎች፣ ከዕረፍታቸው በኋላ በ2024 ታትመው ሲወጡ፣ ያ የመኖሪያ ቤት አየር አብሮ ይሰማል፤ ማንም ይጥፋልን አይልም። የምጠላው የክፍሉን ሕይወት አይደለም፤ በብሎኬት ሣጥን ውስጥ የታፈነ ድምፅ ከተቀዳ በኋላ፣ ጉድለቱን ለመሸፈን ሲባል በኮምፒውተር የካቴድራል ያህል የገደል ማሚቶ የሚጫንበትን፣ የመዝሙሩም ቃል የማይለይ እስኪሆን ድረስ ኢኮ የሚደረብበትን ልማድ ነው። አራራዩንና ዕዝሉን ለይቶ ለማድነቅ የሚሻ ጆሮ በዚህ ጭጋግ ውስጥ ምን ያገኛል?

ነገሩን ከባድ የሚያደርገው፣ ከእነዚህ ጠባብ ክፍሎች የሚወጣው ቅጂ ለዕለት የሚሰማ ብቻ አለመሆኑ ነው። ዛሬ የበገና አባቶች፣ የቅኔና የዝማሬ መምህራን፣ ተረት የሚያውቁ አረጋውያን ድምፃቸው ከተቀዳ፣ በታላላቅ ስቱዲዮ ሳይሆን በልጅ ልጃቸው መኝታ ክፍል ነው የሚቀዳው። ስለዚህ ሁለት ነገር እጠይቃለሁ። ከባሕር ማዶ ለወንድሞቻቸው ውድ ማይክሮፎን የሚልኩ ወገኖቻችን መጠነኛውን ገዝተው፣ የቀረውን ገንዘብ ለሞራሌና ለጥጥ ይላኩ። በየአጥቢያው ያሉ ሰንበት ትምህርት ቤቶችም ካሏቸው ክፍሎች አንዲቱን ለቅጂ ይለዩ፤ ከጉባኤው መካከል አናጢና ፍራሽ ሰፊ ስለማይታጣ፣ ስምንት ወይም ዐሥር ክፈፎች በጥቂት ቅዳሜዎች ይሠራሉ፤ የሚቀዱት መሪጌታ ወደዚያች ክፍል መምጣት የማይችሉ ደካማ ቢሆኑ፣ ክፈፎቹ ከግድግዳ የሚወርዱ ስለ ሆኑ ሁለቱን ተሸክሞ ወደ ቤታቸው መሄድ፣ አንዱን ከበስተኋላቸው፣ አንዱን ከጎናቸው አቁሞ፣ ፍሪጁን ከሶኬቱ ነቅሎ፣ ማይክሮፎኑን በአንድ ስንዝር አስጠግቶ መቅዳት ይቻላል።